ቀባሪ ያጣ መንደር

እንደምን አመሻችሁ፣ በዚህ ዝናብ በዚህ ትራፊክ ፒያሳ ድረስ ስለመጣችሁ ከልብ እናመሰግናለን። ትዕይንቱ ሳይጀመር ስለምታዩት ነገር ትንሽ ላውራችሁ።

ቴአትሩ «ዘ ሮዝስ ኦፍ ኢም» ይባላል፣ የጻፈው እንግሊዛዊው ዶን ቴይለር ነው፣ መጀመሪያ መድረክ ላይ የወጣው በፈረንጆቹ 1970 ነው፣ እኛ ደግሞ የተወሰነውን ወደ አማርኛ መልሰን ነው የምናሳያችሁ። ታሪኩ የእውነት ነው። ኢም እንግሊዝ ሀገር ደርቢሻየር ውስጥ ያለች ትንሽ መንደር ናት፣ በ1665 እዛ ላለ ልብስ ሰፊ ከለንደን ጨርቅ ይላክለታል፣ ጨርቁ እርጥብ ስለነበረ ጆርጅ ቪካርስ የሚባለው ሰራተኛ እሳት ዳር ዘርግቶ ያደርቀዋል፣ ለካ ቸነፈር የሚያስይዝ ቁንጫ አለበት፣ ሰውየው በቀናት ውስጥ ሞተ። ከዛ በኋላ በ14 ወር ወደ 260 ሰው አለቀ።

ሰኔ 1666 ላይ ቄሱ ዊሊያም ሞምፐሰን ማንም አይውጣ ማንም አይግባ አለ፣ በሽታው ወደ ሌላ አካባቢ እንዳይሄድ። ግን ቄሱ ገና ወጣት ነው፣ አዲስ ነው፣ ህዝቡ የሚወደው የድሮውን ቄስ ቶማስ ስታንሊን ነው፣ እሱ ደግሞ መንግስት ያዘዘውን የጸሎት መጽሐፍ አልቀበልም ብሎ ከቦታው የተነሳ ሰው ነው። ሁለቱ በእምነት ጉዳይ የማይስማሙ ሰዎች ጎን ለጎን ቆሙ። ስታንሊ ባይቆም ኖሮ ያንን ልጅ ማንም የሚሰማው አይመስለኝም።

ብዙ ሰው ይሄን ታሪክ ሲያነሳ የቄሶቹን ጀግንነት ነው የሚያወራው፣ እኔን ግን አንጀቴን የበላኝ ቀብሩ ነው። ሁሉም የራሱን ሬሳ ራሱ ይቅበር ተባባሉ። ቤተክርስቲያኑ ተዘጋ፣ ጸሎት ሜዳ ላይ ሆነ፣ ቤተሰብ ከቤተሰብ ተራርቆ እየቆመ። ከውጪ እህል ለሚያመጣላቸው ሰው ብሩን አቼቶ የሞላበት የድንጋይ ቀዳዳ ውስጥ ነበር የሚያስቀምጡለት። ኤልዛቤት ሀንኮክ የምትባል እናት በ8 ቀን ውስጥ ባሏንና 6 ልጆቿን ብቻዋን ቀበረች። ጎረቤት እያለ!

እኛ እኮ እድር ያለን ህዝብ ነን፣ ለቅሶ የቀረ ሰው ስንት አመት እንደሚወራበት ታውቃላችሁ። ይቺ ከተማም አይታዋለች፣ ህዳር 12 ቆሻሻ የምናቃጥለው የ1911 ዓ.ም. የህዳር በሽታ ትዝታ ነው፣ ያኔም ቀባሪ ጠፍቶ ነበር። በኮቪድ ጊዜ አክስቴ ስትሞት ቤቷ ድረስ ሄጄ በር ላይ ቆሜ ተመለስኩ፣ ባሏ ከበረንዳ ላይ እጁን አነሳልኝ፣ እስከዛሬ ሁለታችንም ስለዛ ቀን አንስተን አናውቅም።

ለዛ ነው ልምምድ ላይ ያ ነገር ሲፈጠር ዝም ብዬ የቀረሁት። አንዷ ተዋናይ «ልጄ ሞተ» ትላለች፣ ሌላዋ ጎረቤቷ ናት፣ ርቃ መቆም ነው ያለባት። አልቻለችም። ወይኔ ብላ ደረቷን መታ ሮጣ አቀፈቻት፣ እንደገና ሞከርን፣ አሁንም ሮጠች፣ ሶስቴ አራቴ፣ አስባበት አይደለም፣ እግሯ ራሱ ነው የሚሄደው። መጨረሻ ላይ ወለሉ ላይ በጠመኔ መስመር አሰመርንላት። በአምስተኛው ሙከራ መስመሩ ጋ ደርሳ ቆመች፣ እጇ ወደፊት ተዘርግቶ ቀረ፣ ማልቀስ ጀመረች፣ ማልቀሷ ስክሪፕቱ ላይ የለም። ያኔ ነው መንደርተኛው እንዴት እንደተለወጠ የገባኝ። ልባቸው አልደነደነም፣ እንደዛች ልጅ እግራቸውን ይዘው ነው የቆሙት፣ ለዛውም ወራት ሙሉ።

የሞምፐሰን ሚስት ካትሪንም ነሐሴ 1666 ላይ ሞተች፣ አጠገቡ ሆና በሽተኛ ስታስታምም ቆይታ። እሷን የምትጫወተው ልጅ አሁን ከመጋረጃው ጀርባ ናት፣ ዛሬ የመጀመሪያዋ መድረክ ነው።

የጠመኔውን መስመር አላጠፋነውም፣ ፊት የተቀመጣችሁ ታዩታላችሁ። እሺ፣ መብራቱን።