እድራችን የተመሠረተው ቴሌቪዥን ፊት ነው

(በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ በብሎካችን እድር 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የእድራችን ሰብሳቢ፣ የኮሚቴ አባላት፣ እናቶች፣ አባቶች፣ ጎረቤቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ!

አምስት ደቂቃ ነው የተሰጠኝ። ጋሽ ሰብሳቢ "ስለ እድራችን አመሠራረት ትንሽ በዪ" ብለውኝ፣ እሺ ብዬ ትናንት ስጽፍ አመሸሁ። ዛሬ በር ላይ የምትታደለውን መጽሔት ሳነብ ግን የጻፍኩትን ቀደድኩት። ይሄ ሁለተኛው ነው። ስርዝ ድልዝ ከበዛበት ይቅርታ።

መጽሔቷ ገጽ ሁለት ላይ እንዲህ ትላለች፦ "እድራችን በ2009 ዓ.ም. የብሎኩ አባወራዎች ባደረጉት ስብሰባ ተመሠረተ።"

አባወራዎች! እስቲ እናንተ ሴቶች፣ እርስ በርስ ተያዩ።

እድራችን የተመሠረተው ቴሌቪዥን ፊት ነው። ግራውንድ ላይ፣ እትዬ ቤት፣ የቱርኩን ድራማ "ጥቁር ፍቅር" እያየን። ሳቁ ግዴለም። እኔም ስጽፈው ስቄያለሁ። ግን እውነቱ ይሄው ነው።

ያን ጊዜ እንዴት እንደነበርን ታስታውሳላችሁ። ዕጣ ወጣልን ብለን እልል ብለን መጣን። አንዱ ከካዛንቺስ፣ አንዱ ከአራት ኪሎ፣ አንዱ ከመርካቶ። እዚያ ግቢያችን አንድ፣ ቡናችን አንድ ነበር። እዚህ ስንደርስ በር ዘግተን ተቀመጥን። ውሃ ሲመጣ ሌሊት ነው፤ አራተኛ ፎቅ አይወጣም። ከብሎኩ ጀርባ ማሳ ነው፤ ማታ ጅብ ይጮሃል። ባሎቻችን በጠዋት ወጥተው ሲመሽ ነው የሚመለሱት። ጎረቤቴን በስም ሳላውቃት ስድስት ወር ኖሬያለሁ። በጄሪካኗ ቀለም ነበር የማውቃት።

ከዚያ በ2008 የውጭ ድራማ በአማርኛ ድምፅ የሚያሳየው ቃና ቴሌቪዥን መጣ። በብሎካችን ዲሽ የነበራቸው እትዬ ብቻ ናቸው። መጀመሪያ ሁለት ሆነን ሄድን፤ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ 14። ማታማ ሪሞቱ በባሎች እጅ ነው፣ ዜና ነው፣ ኳስ ነው። እኛ የቀኑን ድጋሚ ነበር የምናየው። ወንበር ስለማይበቃ ሁሉም የራሱን ጄሪካን ይዞ ይመጣል። ገልብጦ መቀመጥ ነው። እትዬ ቡናውን ያቀራርባሉ። "ተዋናዮቹ አፋቸው ሌላ፣ ድምፃቸው ሌላ" እያልን እንስቅ ነበር። ሳምንት ሳይሞላን ኦመር ሲወለድ ጀምሮ አማርኛ ተናጋሪ መሰለን።

ለልጆቹ ልንገራቸው፣ አላዩትም። ኦመር ፖሊስ ነው። እጮኛው ሲቤል ከአንድ ሀብታም ሽማግሌ ጋር መኪና ውስጥ ተገድላ ተገኘች። ሽማግሌው የኤሊፍ አባት ነው። ኤሊፍ ጌጣ ጌጥ ትሠራለች። ሁለቱ ገዳይ ሲፈልጉ ፍቅር ይዟቸው ቁጭ። ቱርክ ሀገር በሳምንት አንዴ የሚታይ፣ 54 ረጃጅም ክፍል ያለው ነበር፤ እኛ ጋ ተቆራርጦ በየቀኑ ደረሰን። ገዳዩ ደግሞ የኦመር የገዛ ታላቅ ወንድም ነው፣ ሁሴን። እሱም ፖሊስ! እኛ አውቀናል፣ ኦመር አያውቅም። አብረው ማዕድ ሲቆርሱ እያየን "ኧረ አንተ ልጅ፣ ዞር በል!" ብለን ያልጮህንበት ቀን የለም። እትዬ አንድ ቀን ስኒ ወርውረዋል። ይካዱኝ እስቲ!

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ክረምት ነው፣ ጭቃው ጉልበት ይደርሳል። ማታ መብራት ጠፍቶ ሰፈሩ ሁሉ ሳያይ አደረ። ጠዋት እህቴ ከከተማ ደውላ "ኦመር እኮ አወ..." ስትል ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁባት። ኦመር አውቋል ማለት ነው! ከሰዓት በኋላ መብራት መጣ። ሁላችንም በጊዜ ገባን። ማስታወቂያው ሊያልቅ ሲል እትዬ ዞር ዞር ብለው አዩና "ቢጫው ጄሪካን የለም" አሉ።

ቢጫው ጄሪካን የአራተኛ ፎቋ ነበር። እርጉዝ ናት፣ ባሏ ክፍለ ሀገር ለሥራ ሄዷል። ሌላ ቀን ብትቀር "እንቅልፍ ወስዷት ይሆናል" እንላለን። የዛሬውን ግን ሞታም አትቀርም። እትዬ ሪሞቱን ጣል አድርገው ተነሱ። ተከትለን ወጣን። በሩ ገርበብ ብሏል። ልጅቷ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ግድግዳውን ይዛለች። ሽርት ውሃዋ ፈሷል።

በጋቢ አቅፈን አራት ፎቅ አወረድናት። ታክሲ የለም። አሸዋ አራግፎ የሚመለስ አይሱዙ መንገድ ላይ ቆመን አስቆምነው። ሾፌሩ ብር አልቀበልም አለ፤ ያ ልጅ የትም ይሁን፣ እግዜር ይስጠው። ሁላችንም በመቀነታችን፣ በጡት መያዣችን ያለውን አወጣን፤ 1,260 ብር ሆነ። ማን ስንት እንዳዋጣ በልጄ የሒሳብ ደብተር ላይ ጻፍኩት። መንትዮች ተወለዱ! ያው ከኋላ ወንበር ላይ ፈንዲሻ የሚወራወሩት ናቸው።

ከተዋጣው 400 ብር ተረፈ። እትዬ ቡፌያቸው ውስጥ፣ ቴሌቪዥኑ ሥር አስቀመጡት። "ለሚቀጥለው ችግር" አሉ። በሚቀጥለው ወር ሁሉም ሃያ ሃያ ብር ጨመረ። ደብተሩም ቀጠለ።

ጋሽ ሰብሳቢ፣ በአክብሮት እጠይቃለሁ። አባወራዎቹ በ2009 ሲሰበሰቡ ጠረጴዛው ላይ የነበረው ደብተር የማን ነበር? ያ ብር ከየት መጣ? መጽሔቷ ላይ "መነሻ ካፒታል" ብላችሁ የጻፋችሁት እኮ የእትዬ ቡፌ ነው!

ያኔ "ሥራ ፈቶች" ተብለናል። "ቃና ቤት ያፈርሳል" ተብለናል። የኪነ ጥበብ ሰዎች ሲቃወሙ ይገባኛል፣ እንጀራቸው ነው። የሰፈራችን ወንዶች ግን ምን ቤት ናቸው? "ሰው ለሰው" ሲታይ አበበ ባልቻ አስናቀን ሆኖ ሲመጣ ማን ነበር አፉን ከፍቶ የሚያየው? ያኔ ጥበብ ነበር። አርሰናል ተሸነፈ ብሎ ራት ያልበላ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ፤ ስም አልጠራም፣ አብሮኝ ነው የሚኖረው። እሱ ስፖርት ነው። እኛ ለኦመር ስናለቅስ ሥራ መፍታት! እስቲ ንገሩኝ፣ ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ የተመሠረተ እድር አለ?

አመሰግናለሁ፣ አመሰግናለሁ።

ልጄ እንደነገረችኝ አሜሪካም እንዲሁ ነው። ቀን ቀን ለቤት እመቤት የሚታየውን ድራማ "የሳሙና" ይሉታል፣ ገንዘቡን የሚከፍሉት ሳሙና ፋብሪካዎች ስለነበሩ። "ጋይዲንግ ላይት" የሚባለው በ1937 በእነሱ አቆጣጠር በሬዲዮ ጀምሮ፣ በ1952 ቴሌቪዥን ገብቶ፣ እስከ 2009 ዘልቋል። 72 ዓመት! እሱም እየተሳቀበት ነው የኖረው።

ሁለተኛ ብዬ የጻፍኩት ስለ ወርሃዊ መዋጮ ነበር። ኮሚቴው ይየው። ሦስተኛው የኮሚናሉ ድስቶች ነገር ነው። የወሰዳችሁ መልሱ፣ በቃ።

እስክሪብቶ ይዤ መጥቻለሁ። መጽሔታችሁን ገጽ ሁለት ላይ ግለጡልኝ። "አባወራዎች" የሚለውን ሰርዙና ከላዩ "14 ሴቶች፣ እትዬ ቤት" ብላችሁ ጻፉ። ጋሽ ሰብሳቢ፣ ከእርስዎ ብንጀምርስ?

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ያን ቀን ቴሌቪዥኑ ባዶ ቤት ሲጮህ ዋለ። ያንን ክፍል እስከ ዛሬ አላየሁትም። ኦመር ገዳዩ ወንድሙ መሆኑን ሲያውቅ ምን አለ? ያያችሁ ካላችሁ ቡናው ላይ ንገሩኝ።