ግምታችሁን ከነምክንያቱ ጻፉልኝ

የተከበራችሁ የሐዋሳ የስፖርት ወዳጆች፣ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤ እንደምን አመሻችሁ።

በየወንበራችሁ ላይ ያገኛችሁት ነጭ ካርድ ሦስት ጥያቄዎች አሉት። የ2027ቱን የራግቢ ዓለም ዋንጫ ማን ይወስዳል? ማንም ያልጠበቀውን ውጤት የሚያመጣው የትኛው ቡድን ነው? ዚምባብዌስ ምን ትሠራለች? ከእያንዳንዱ ጥያቄ ሥር «ምክንያቱም» የሚል ቃልና አራት ባዶ መስመሮች አሉ። የቡድን ስም ለመጻፍ ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። እኔ የመጣሁት ስለ ባዶዎቹ መስመሮች ለመናገር ነው። የውድድሮቹን ዓመት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ፤ በእኛ ስቆጥር ዓመተ ምሕረት እላለሁ።

ወንድሙ ወይም ልጁ ደቡብ አፍሪካ የሚኖር ሰው እጁን ያውጣ ብል ከዚህ አዳራሽ ብዙ እጅ እንደሚነሣ አውቃለሁ። እኔም እዚያ ስምንት ዓመት ኖሬያለሁ። ዕቃ ከጄፒ፣ ከጆሃንስበርግ የጅምላ ገበያ፣ እያወጣሁ ሶዌቶ ውስጥ ትንሽ ሱቅ ነበረኝ፤ ዳቦ፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ የስልክ ካርድ እሸጥ ነበር። ራግቢን ያወቅሁት በሱቁ መስኮት በኩል ነው። የዓለም ዋንጫ ሲቃረብ ዳቦ ሊገዛ የሚመጣው ሁሉ ሒሳቡን ሳይከፍል ግምቱን ይነግረኝ ነበር።

በ2011 ዓ.ም. ነሐሴ ማብቂያ ላይ ጆሃንስበርግ ውስጥ የውጭ ዜጎች ሱቆች ሲዘረፉ የእኔም በር ተሰበረ። ከመደርደሪያው ላይ አንድ ሳሙና እንኳን አልተረፈም። በዚያች ሌሊት የደበቁኝ ከሱቁ ጀርባ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ «ጎጎ» ይላቸዋል፤ አያት ማለት ነው። እንቁጣጣሽን እርሳቸው ቤት አሳለፍኩ። የአዲሱ ዓመት አሥረኛ ቀን ላይ ደቡብ አፍሪካ ጃፓን ውስጥ፣ ዮኮሃማ ላይ፣ ከኒውዚላንድ ጋር የመጀመሪያ ጨዋታዋን አደረገች። ከጎጎ አጠገብ ተቀምጬ አየሁት። ደቡብ አፍሪካ 23 ለ13 ተሸነፈች።

የልጅ ልጃቸው ተነሥቶ ቴሌቪዥኑን አጠፋው። «በምድብ ጨዋታ ተሸንፎ ዋንጫ የወሰደ ቡድን በታሪክ የለም፤ አበቃ» አለ። እውነቱን ነበር፤ እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም አልነበረም። ጎጎ ግን ቴሌቪዥኑን መልሶ እንዲከፍት አዘዙት። ከዚያ የስኳር ካርቶን ክዳን ቀደዱና በሰማያዊ እስክሪብቶ ሁለት መስመር ጻፉ። የመጀመሪያው «ዋንጫው የእኛ ነው» ይላል። ሁለተኛው «ምክንያቱም ስክረሙ፤ የሐራሬው ልጅ አለ» ይላል።

ለጨዋታው አዲስ የሆናችሁ ስክረም ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ስምንት ሰዎች ከስምንት ሰዎች ጋር አንገት ለአንገት ተቆላልፈው፣ ኳሱ በመካከላቸው ተጥሎ የሚገፋፉበት ነው። ከሩቅ ሲያዩት ትርምስ ይመስላል። ጎጎ ግን የሚያዩት እግር ነበር። የማን እግር ወደ ኋላ ተንሸራተተ? የማን ጉልበት መሬት ነካ? «ነጥቡ የዛሬን ይነግርሃል፤ እግሩ የሚቀጥለውን ወር ይነግርሃል» አሉኝ።

የሐራሬው ልጅ የተባለው ቴንዳይ ምታዋሪራ ነው። ተወልዶ ያደገው ዚምባብዌ ውስጥ ነው። ለደቡብ አፍሪካ መሰለፍ ከጀመረ በኋላ «ይህ ሰው የእኛ ዜጋ አይደለም፤ ለምን ይጫወታል?» ተብሎ ነበር፤ ዜግነቱን ያገኘው በ2010 ነው። በ2019ኙ የፍጻሜ ጨዋታ ላይ በስክረሙ ግንባር፣ በግራ በኩል፣ እርሱ ነበረ። የእንግሊዝ ስክረም በተደጋጋሚ ወደ ኋላ እየተገፋ ቅጣት ሲሰጥ እኔ በዓይኔ አየሁ። ኳሱን ከተጋጣሚው የጎል መስመር አሳልፎ መሬት ማስነካት ትራይ ይባላል፤ የደቡብ አፍሪካው ሃንድሬ ፖላርድ ከቅጣቶቹና ከትራዮቹ በኋላ ከሚመቱት ኳሶች ብቻ 22 ነጥብ ሰበሰበ። ደቡብ አፍሪካ 32 ለ12 አሸነፈች።

በዚያች ቀን መንገዱ ላይ ሰው ሁሉ ሲዘፍን እኔ በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ከሁለት ወር በፊት በሬ የተሰበረው ከውጭ የመጣሁ ሰው ስለሆንኩ ነው። አሁን የሚዘፈንለት ስክረም ግራ ትከሻ ደግሞ ከሐራሬ የመጣ ሰው ነው። ጎጎ ይህን ሁሉ ከእኔ በፊት አይተውት ነበር። ካርቶኑን ስመለስ ሰጡኝ፤ ይኸው ይዤው መጥቻለሁ። ጥጉ በዘይት ወይቧል፤ ጽሑፉ ግን ይነበባል። ከፊት ካሉት ጀምሮ እየተቀባበላችሁ እዩት፤ እባካችሁ እንዳታጥፉት።

ግምት ስል እንግዲህ እንዲህ ያለውን ማለቴ ነው። የሲዳማ አባቶች ይህን ከእኛ ሁሉ በላይ ያውቃሉ። ፍቼ ጫምባላላ የሚውልበትን ቀን የሚወስኑት አያንቶዎች ቀኑን ከአፋቸው አያወጡትም። ጨረቃንና ከዋክብትን ሌሊት ሌሊት ተከታትለው፣ አንዱ ያየውን ከሌላው ጋር አመሳክረው ነው የሚናገሩት። ሕዝቡም ቀኑን የሚቀበለው ማየታቸውን ስለሚያምን ነው።

ደጋፊስ እንዴት ይገምታል? በ1996 ዓ.ም. ሐዋሳ ከነማ የሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ «እኔ ብዬ ነበር» ያላለ ሰው በከተማው አልነበረም። በ1999 ዓ.ም. ሲደገምም እንደዚሁ። ከውድድሩ በፊት በወረቀት ያሰፈረ ስንት ነበር? ያልተጻፈ ግምት ከውጤቱ በኋላ መልኩን ይለውጣል። የተጻፈው ግን የት ላይ በትክክል እንዳየን፣ የት ላይ እንደተሳሳትን ያሳየናል። እኔ ከትክክለኛ ግምቶቼ ይልቅ ከተሳሳቱት ነው ጨዋታውን የተማርኩት።

ራግቢ ከእግር ኳስ ይልቅ ለግምት የሚመች ይመስላል። ትራይ አምስት ነጥብ ነው፤ ከትራዩ በኋላ ያለው ምት ሁለት ይጨምራል፤ ቅጣት ምት ሦስት ነው። ነጥቡ ብዙ ስለሆነ በ80 ደቂቃ ውስጥ ብርቱው በአብዛኛው ያሸንፋል። በ2003 አውስትራሊያ ናሚቢያን 142 ለ0 አሸንፋለች። በ1995 ኒውዚላንድ ጃፓንን 145 ለ17 አሸንፋለች። ይህን ያየ ሰው ለትንሹ ቡድን ምን ተስፋ ይጽፋል?

ነገር ግን ያችው ጃፓን ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2015፣ ብራይተን ላይ ደቡብ አፍሪካን ገጠመች። ሰዓቱ አልቋል፤ ጃፓን 32 ለ29 እየተመራች ቅጣት አገኘች። ኳሱን ወደ ምሰሶው ብትመታ ሦስት ነጥብ አግኝታ አቻ ትወጣለች፤ ለጃፓን ያ ብቻውን ታሪክ ነበር። አምበሉ ማይክል ሊች ግን ስክረም መረጠ። ከዓለም ግዙፍ ገፊዎች ጋር መገፋፋትን መረጠ! ካርን ሄስኬት ጥግ ላይ ትራይ አስቆጠረና 34 ለ32 ሆነ። ያን ቀን ጃፓን ታሸንፋለች ብሎ የጻፈ ሰው ካለ፣ አራቱን መስመሮች በምን እንደሞላቸው ለማንበብ ብዙ እከፍል ነበር።

ወደ ጥሎ ማለፉ ሲገባ ደግሞ ግምት ትንፋሽ ያጥረዋል። በ2023 ፈረንሳይ ውስጥ ደቡብ አፍሪካ ሩብ ፍጻሜውን 29 ለ28፣ ግማሽ ፍጻሜውን 16 ለ15፣ ፍጻሜውን 12 ለ11 ነው ያሸነፈችው። ሦስት ጨዋታ፣ ሦስት ነጥብ። በዚያው ውድድር የዓለም አንደኛ የነበረችውና 17 ጨዋታ በተከታታይ ያሸነፈችው አየርላንድ በሩብ ፍጻሜው በኒውዚላንድ 28 ለ24 ተሸንፋ ወደ ቤቷ ተመልሳለች። ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ስም ስትጽፉ እጃችሁ ቢያመነታ አይግረማችሁ።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ልምጣ። ዚምባብዌ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ካምፓላ ላይ ናሚቢያን 30 ለ28 አሸንፋ ለዓለም ዋንጫው አልፋለች። ለመጨረሻ ጊዜ የተሳተፈችው በ1991 ነው። በ1987 እና በ1991 ስድስት ጨዋታ አድርጋ ስድስቱንም ተሸንፋለች። ከስድስቱ የመጀመሪያው ከሩማንያ ጋር ነበር፤ 21 ለ20። አንዲት ነጥብ! ያችን ነጥብ ሲያስቡ የኖሩ ሰዎች ዛሬ ሽማግሌዎች ሆነዋል።

በኅዳር 2018 ዓ.ም. ሲድኒ ላይ በወጣው እጣ ዚምባብዌ ከእንግሊዝ፣ ከዌልስና ከቶንጋ ጋር ተመድባለች። ብዙዎች ወዲያው «አለቀላት» አሉ። እኔ ግን እግሩን እንድታዩልኝ እለምናችኋለሁ። በዚህ ውድድር ቡድኖቹ ከ20 ወደ 24 አድገዋል። ከስድስቱ ምድቦች ሁለት ሁለት ቡድን ያልፋል፤ ከሦስተኞቹም የተሻሉት አራቱ ወደ 16ቱ ይገባሉ። ከ1999ኙ ውድድር በቀር ሦስተኛ መውጣት ከዚህ ቀደም ለጥሎ ማለፍ አያበቃም ነበር፤ አሁን በር ሊሆን ይችላል። በሰባት ነጥብና ከዚያ ባነሰ ልዩነት መሸነፍም በምድቡ ሰንጠረዥ ላይ አንድ ነጥብ ያስገኛል። እንግሊዝን ተዉአት። ዌልስ ግን ከ2023 እስከ 2025 ድረስ 18 ጨዋታ በተከታታይ የተሸነፈች አገር ናት፤ ገና እያገገመች ነው። ቶንጋ በ2011 ፈረንሳይን 19 ለ14 ያሸነፈች ብርቱ ናት፤ ቢሆንም ከሦስቱ ዚምባብዌ ልትደርስባት የምትችለው እርሷ ናት። ጥያቄው የዚምባብዌ ስክረም የቶንጋን ክብደት ለ80 ደቂቃ ይችለዋል ወይ የሚለው ነው። እስከዚያ የምታደርጋቸውን ጨዋታዎች የሚያይ ሰው መልሱን ቀድሞ ያገኛል።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ። በእነዚህ ካርዶች ላይ ገንዘብ አይያዝ። ውርርድ ቤቶች በየመንደሩ እንዳሉ ታውቃላችሁ፤ ልጆቻችን ቲኬት ጨብጠው ውጤት ሲጠብቁም ታያላችሁ። ያ ልጅ ጨዋታውን አያይም፤ የሚያየው የቤት ኪራዩን ነው። ቡድኑ ሲሸነፍ የሚያዝንበት ጊዜ እንኳን የለውም። ጎጎ በዚያ ካርቶን ላይ አንድ ራንድ አላስያዙም፤ ያስያዙት ዓይናቸውን ነው።

የእኔን ካርድ ቀድሜ ሞልቻለሁ፤ ላንብብላችሁ። ዋንጫው፦ ደቡብ አፍሪካ። ሦስት ጊዜ በተከታታይ የወሰደ ቡድን እስካሁን የለም፤ ኒውዚላንድ ሁለቴ ወስዳ ሦስተኛው ላይ ግማሽ ፍጻሜ ቀርታለች። እኔ ግን ተጠባባቂዎቻቸው ከብዙ አገር ቋሚዎች ስለሚበልጡ ይችላሉ ብያለሁ። ያልተጠበቀው ውጤት፦ በምድብ ሐ ፊጂ አርጀንቲናን ታሸንፋለች፤ በ2023 አውስትራሊያን 22 ለ15 ስታሸንፍ ማጥቃቷ ብቻ ሳይሆን መከላከሏም እንደበሰለ አይቻለሁና። ዚምባብዌ፦ ቶንጋን በአንድ ነጥብ ታሸንፋለች። ከዚህኛው ሥር አራቱ መስመሮች አልበቁኝም፤ በጀርባው ቀጥያለሁ።

ውድድሩ መስከረም 20 ቀን 2020 ዓ.ም. ይጀመራል፤ መስቀል ካለፈ በሦስተኛው ቀን። ፍጻሜው ኅዳር 3 ቀን ሲድኒ ላይ ነው። ሲድኒ በዚያ ወቅት ከእኛ በስምንት ሰዓት ስለምትቀድም የማታ ጨዋታቸው ለእኛ የቀትር ጨዋታ ይሆናል። ካርዶቹ ዛሬ በሳጥኑ ውስጥ ይታሸጋሉ፤ በፍጻሜው ማግስት እዚሁ አዳራሽ ውስጥ በሁላችሁም ፊት ይከፈታሉ። ስማችሁን በግልጽ ጻፉ። እስክሪብቶ ያልያዛችሁ ከበሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ውሰዱ፤ ሰማያዊም ጥቁርም አለ።

አመሰግናለሁ።