ፍሬን የሌለው ሞተር፣ ቤት የሌለው ስፖርት

(የሞተር ጩኸት። ከዚያ ጸጥታ።)

ሰማችሁት? አለቀ። ውድድሩ ማለት ይኼው ነው። አራት ሰው፣ አራት ዙር፣ አንድ ደቂቃ ገደማ። እኔ መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ሻይ ልገዛ ተሰልፌ ሁለት ውድድር አመለጠኝ።

እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የምናወራው ስለ እንግሊዝ ስፒድዌይ፣ ማለትም አፈር ሜዳ ላይ ስለሚደረግ የሞተር ሳይክል ውድድር ነው። ፎርሙላ ዋን አይደለም። ሞቶ ጂፒም አይደለም። እሱን የፈለጋችሁ ሌላ ቻናል ሞልቷል፣ አልቀየምም። ቀልዴን ነው፣ የትም አትሂዱ።

ሕጉን ቶሎ ብዬው ልለፍ። 500 ሲሲ ሞተር፣ አንድ ማርሽ፣ ነዳጁ ሜታኖል፣ ፍሬን የለም። ሜዳው ሞላላ፣ አፈር ነው። ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው የሚዞሩት። ከየቡድኑ ሁለት ሁለት ሰው ይሰለፋል። አንደኛ 3 ነጥብ፣ ሁለተኛ 2፣ ሦስተኛ 1፣ አራተኛው ባዶ እጁን ይመለሳል። በአንድ ምሽት 15 ውድድር። ገባችሁ አይደል? ገብቷችኋል።

ቆይ ግን። እዚህ ጋ መቆም አለብኝ።

ባለፈው በአጭሯ ቪዲዮ «ፍሬን የለም» አልኩና አቤት የወረደብኝ! «ውሸታም!» «ታዲያ በምንህ ይቆማል?» አንዱማ «ወንድሜ፣ እኔ ሞተረኛ ነኝ፣ አስራ አምስት ዓመት ነድቻለሁ፣ እንዲህ የሚባል ነገር የለም» ብሎኛል። ጌታው፣ ልምድህን አከብራለሁ። ግን ፍሬን የለውም። የፊትም የለውም። የኋላም የለውም።

እንዴት ነው ታዲያ? ኩርባው ጋ ሲደርስ ሞተሩን ወደ ጎን ይጥለዋል። ጋዝ ይሰጠዋል እንጂ አይቀንስለትም። የኋላ ጎማው አፈሩ ላይ ይንሸራተታል። ሞተሩ ወደ ግራ እየዞረ የፊት ጎማው ወደ ቀኝ ያያል። አዎ፣ ወደ ቀኝ! ግራ እግሩ መሬት ላይ ይጎተታል፣ ለዚህ ነው ጫማው ሥር ብረት ያለው። መንሸራተቱ ራሱ ፍጥነቱን ይበላዋል። መጨረሻው መስመር ላይ ሲደርስ ጋዙን ይዘጋና እየበረደ፣ እየበረደ ይሄዳል። ከወደቀስ? እጁ ላይ የታሰረች ገመድ አለች፣ እሷ ስትላቀቅ ሞተሩ ይጠፋል።

ፍሬን ቢኖር እኮ ነው የሚብሰው። አራት ሰው ተጠጋግቶ እየበረረ የፊተኛው ድንገት ፍሬን ቢይዝ፣ የኋላው ጀርባው ላይ ነው የሚወጣው።

«ስለዚህ አደጋ የለውም» እያልኩ አይደለም፤ እንዲህ ብዬ እንዳትጽፉብኝ። ታይ ዎፊንደን የሚባል እንግሊዛዊ አለ፣ በ2013፣ በ2015 እና በ2018 የዓለም ሻምፒዮን የሆነ (ቀኑም ዓመቱም ሁሉ በፈረንጅ ነው)። እሱ እንኳ በመጋቢት 2025 ፖላንድ ውስጥ ወድቆ ብዙ አጥንቱ ተሰባብሯል።

የፍሬን ነገር እዚህ ላይ ያብቃ። ሞተረኛው ወንድሜ፣ ሰላም ነን።

ወደ ዋናው እንግባ። እንግሊዝ ውስጥ ስፒድዌይ በደንብ የተለኮሰው የካቲት 1928 ነው፤ ለንደን ዳር፣ ኤፒንግ ጫካ ውስጥ፣ ሃይ ቢች በሚባል ቦታ። አዘጋጆቹ ያልጠበቁት ሕዝብ ጎረፈ። በዓመቱ ሊግ ተቋቋመ። በ1936 የመጀመሪያው የዓለም ፍጻሜ ዌምብሌይ ላይ ተካሄደ። ዌምብሌይ፣ ያው የምታውቁት! በ1981 እዚያው ዌምብሌይ አሜሪካዊው ብሩስ ፔንሃል ሲያሸንፍ ከ90 ሺህ በላይ ሰው ነበር። ዌምብሌይ ላይ ከዚያ በኋላ የዓለም ፍጻሜ አልተደረገም።

ታዲያ ምን ነካው? ሰው ሁሉ «ዘመኑ አለፈበት» ይላል። እኔ ግን ሌላ ነገር ልጠይቃችሁ። አዲስ አበባ ቤት ተከራይታችሁ ታውቃላችሁ?

ገባችሁ እንበል። ግድግዳውን በራሳችሁ ብር ቀለም ቀባችሁ። የሚያፈሰውን ቆርቆሮ አስጠገናችሁ። በሩ ሥር ጤና አዳም ተከላችሁ። አከራይዋ፣ እትዬ እንትና፣ «እናንተ እኮ ልጆቼ ናችሁ» ይሏችኋል። ለፋሲካ ድፎ ይልካሉ። ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ አምስት ዓመት። ከዚያ አንድ ማታ በሩ ይንኳኳል። እትዬ ናቸው። አይቀመጡም። ቆመው ነው የሚያወሩት። ቆመው ካወሩ እወቁት፣ አልቋል። «ልጆቼ፣ ያው እንግዲህ ልጄ ካሜሪካ ሊመጣ ነው...»

ልጁ አይመጣም። አይመጣማ! ከሁለት ወር በኋላ በዚያ ስታልፉ ጤና አዳሙ ተነቅሎ፣ ለፎቅ መሠረት ጉድጓድ ተቆፍሯል።

የእንግሊዝ ስፒድዌይ ክለብ ማለት ያ ተከራይ ነው። አብዛኞቹ ክለቦች የሚሮጡበት ሜዳ የራሳቸው አይደለም። የባሰም አለ። ብዙ ቦታ ግቢው የውሻ ውድድር ሜዳ ነው። ትልቁን ቤት ውሾቹ ይዘውታል፣ ስፒድዌይ ያለው ሰርቪስ ቤት ነው። መሬቱ ደግሞ ከተማ ዳር ነበር፣ አሁን ከተማው ደርሶበታል። ኮንዶሚኒየም ሊያበቅል የሚችል መሬት ላይ በሳምንት አንድ ማታ ሞተር ማስጮህ፣ ለአከራዩ ምን ይሆነዋል?

ሜዳቸውን ያጡ ክለቦችን ቁጠሩ። ዊምብልደን በ2005 አበቃ። ሜዳው ዛሬ የእግር ኳስ ስታዲየም ነው፣ በዙሪያው አፓርታማ። ኮቨንትሪ ከ1928 ጀምሮ የሮጠበትን ብራንደን የሚባል ሜዳ ከ2016 በኋላ አጣ። ባለመሬቱ ቤት ልሥራበት አለ፣ የአካባቢው ካውንስል በ2022 አይሆንም አለ። ሕንጻው እስከዚያ ተቃጥሎ፣ ተዘርፎ ነበር። ራይ ሃውስ በ2018፣ ሌክሳይድ በ2018። ስዊንደን የመጨረሻ ውድድሩ በ2019። በ2023 ደግሞ ሁለት በአንድ ዓመት፣ ፒተርቦሮና ዎልቨርሃምፕተን። ዎልቨርሃምፕተን ላይ ስታዲየሙ አልፈረሰም። ውሾቹ ቀሩ፣ ሞተሮቹ ወጡ። እኔን ከሁሉም ያንገበገበኝ ይሄኛው ነው።

(ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ እዚህ ላይ አድርጉልኝ። እኔም ተከራይ ነኝ።)

ጥፋቱ ሁሉ የአከራይ ነው ወይ? አይደለም። ስፖርቱም ራሱን በድሏል። ስካይ የሚባለው ቴሌቪዥን ከ1999 ጀምሮ ሲያሳየው ቆይቶ በ2016 ተወው። ዝናብ ከመጣ ውድድር የለም፤ እንግሊዝ አገር ደግሞ ዝናብ ሳይጠራ ነው የሚመጣው። እና ያ «የእንግዳ ተወዳዳሪ» የሚሉት ነገር! አንዱ ቢጎዳ ወይም ቢቀር፣ ከሌላ ክለብ ሰው ለአንድ ማታ ይዋሳሉ። አስቡት፣ ቡና አጥቂው ታመመና ከሌላ ክለብ አጥቂ ተውሶ ጊዮርጊስን ገጠመ። በሳምንቱ ያው ሰው ቡና ላይ ጎል ያገባል። ማሊያ ለብሶ የመጣ ልጅ ማንን ብሎ ይጩህ? በእኔ አስተያየት ይሄ ነገር ከቴሌቪዥኑ በላይ ጎድቶታል። የማትስማሙ ጻፉልኝ።

ተወዳዳሪዎቹም ቢሆኑ ደሞዝተኞች አይደሉም። በራሳቸው የሚሠሩ ናቸው። ሞተሩን ራሳቸው ገዝተው፣ ቫን ላይ ጭነው፣ ዛሬ እንግሊዝ፣ ነገ ስዊድን፣ ዓርብ ፖላንድ። ትልቁ ብር ያለው ፖላንድ ነው። ለምን? እዚያ ብዙውን ጊዜ አከራዩ ከተማው ራሱ ነው። ቶሩን የምትባል ከተማ በ2009 ለስፒድዌይ ብላ 15 ሺህ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ሠራች። ለስፒድዌይ! ለውሻ አይደለም።

እንግሊዝም አንድ ጊዜ ሞክራዋለች፣ ማንቸስተር ላይ። ቤል ቪው የሚባለው ክለብ በከተማው ድጋፍ በ2016 አዲስ ስታዲየም አገኘ። መጋቢት 19 ቀን ምረቃ። ሰው ሞልቷል፣ ሁሉም ዝግጁ ነው። ከዚያ ሜዳው ለመሮጥ አይሆንም ተባለ። ተሰረዘ! አዲስ ቤት ገብታችሁ፣ ዘመድ ጠርታችሁ፣ ውሃ የለም እንደማለት ነው። ሜዳው በኋላ ተስተካከለ። በ2021 የብሪታንያ ቡድን የዓለም የቡድን ዋንጫን ያነሳው እዚያው ነው።

አሁንስ? ኦክስፎርድ ከ2007 በኋላ ተዘግቶ ቆይቶ በ2022 ተመለሰ፣ ያኔ ደስ ብሎኛል። ትልቁ የግራንድ ፕሪ፣ ማለትም የዓለም ሻምፒዮና፣ ዙር ግን ከ2001 ጀምሮ ብዙ ጊዜ ሲካሄድበት የነበረውን የካርዲፍ ግዙፍ ስታዲየም ትቶ፣ በ2025 ወደዚያችው ወደ ማንቸስተሯ ትንሽ ሜዳ መጣ። (ካርዲፍ ዌልስ ናት፤ ዌልሶች እንዳትቀየሙኝ።) አንዳንዱ «ወደ ቤቱ ገባ» ይላል፣ አንዳንዱ «ጠበበ» ይላል። እኔ ሁለቱንም እላለሁ። መሬቱ የራሱ ወይም የከተማው የሆነ ክለብ ይቆያል ብዬ አስባለሁ። ለሌሎቹ በር በተንኳኳ ቁጥር ልቤ ይደነግጣል።

ማንቸስተር ያላችሁ፣ አንድ ማታ ሂዱ። ፕሮግራሙን፣ የውድድሩን ዝርዝር የያዘችውን መጽሔት፣ ግዙ፤ ጎናችሁ ያሉት ሽማግሌ በየውድድሩ ነጥቡን በእስክሪብቶ ሲሞሉ ታያላችሁ፣ እንዴት እንደሚሞላ ጠይቋቸው፣ ደስ ብሏቸው ያሳዩአችኋል። ኩርባው ጋ ቁሙ፣ ማየት የሚያምረው እዚያ ነው። አፈሩ ግን አጥሩን ዘሎ ይመጣል። የእኔ ሻይ ውስጥ ገብቷል። ክዳን ያለው ያዙ፣ ነጭ ጫማም አታድርጉ።