ሆድ ውስጥ የገባ ኬሞ ሆድ ውስጥ አይቀርም

ጤና ይስጥልን፣ አሰላሙ አለይኩም! ከአጋሮም ከሊሙም ከቦንጋም ሌሊት ተነስታችሁ ጅማ የደረሳችሁ እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ አስታማሚዎችም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። እኔ ኬሞ፣ ማለትም የካንሰር መድሀኒት፣ የምሰጥ ነርስ ነኝ። ዛሬ የማወራው ስለ ኦቫሪ ካንሰር፣ ያው የእንቁላል ማምረቻው ካንሰር ማለት ነው፣ በተለይ ኬሞው በክንድ ሳይሆን ቀጥታ ሆድ ውስጥ ሲገባ ሰውነት ምን እንደሚሆን ነው።

ይሄ ካንሰር ሲሰራጭ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ሆድ እቃን በሚሸፍነው ስስ ሽፋን ላይ ነው፣ ለዛ ነው ከኦፕራሲዮን በኋላ መድሀኒቱን በቀጭን ቱቦ እዛው የሚያስገቡት፣ እስከ 2 ሊትር ፈሳሽ ይገባል፣ ከዛ ሁሉም ጋ እንዲዳረስ ታካሚዋን በየ15 ደቂቃው ያገላብጧታል። ሆድ ይወጠራል፣ ያማል፣ ትንፋሽም ያጥራል። በየሆስፒታሉ የሚሰጥ አይደለም፣ ብዙዎቻችሁ የምትወስዱት በደም ስር ነው፣ የምላችሁ ግን ለሁላችሁም ነው።

ብዙ ሰው "ሆድ ውስጥ ከሆነማ ሌላውን አይነካም" ይላል። ይነካል! ያ ሽፋን መድሀኒቱን ቀስ በቀስ መጦ ወደ ደም ያስገባዋል፣ ደም ደግሞ የማይደርስበት የለም። ሲስፕላቲን የሚባለው የኬሞ መድሀኒት ክፉኛ ያስመልሳል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ ጆሮን ጭው ያደርጋል። ፓክሊታክሰል የሚባለው ሌላው ደግሞ ጸጉር ያረግፋል፣ ጣትና እግር ያደነዝዛል፣ ቡና ስትቀዳ ሲኒው ከእጇ የሚያመልጣት እናት ሰንፋ አይደለም ነርቯ ተነክቶ ነው፣ እባካችሁ አትቆጧት። ድካሙም ተኝተው የሚወጣላቸው ድካም አይደለም።

በ2006 በፈረንጆች የወጣ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ላይ በሆድ የወሰዱት ሴቶች በደም ስር ብቻ ከወሰዱት ወደ 16 ወር ገደማ በልጠው ኖረዋል፣ ግን 6ቱንም ዙር በሆድ የጨረሱት 42 በመቶ ብቻ ናቸው፣ ስለከበዳቸው። በ2019 የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ ብልጫ አላሳየም። ስለዚህ ለማን እንደሚሆን ከሀኪም ጋር ተመካክሮ ነው የሚወሰነው።

እኔን የሚያሳስበኝ መደበቃችሁ ነው። "ካስቸገርኩ ያቋርጡብኛል" ብላችሁ መደንዘዙን ትደብቃላችሁ፣ ስትነግሩን እኮ መጠኑን መቀነስ፣ መድሀኒት መቀየር እንችላለን፣ ቆይቶ ግን ነርቭ ላይመለስ ይችላል። ጾም ላይም ረመዳንም ይሁን ሁዳዴ ውሀ ሳትጠጡ አትዋሉ፣ ኩላሊታችሁን ነው የሚጎዳው፣ ከሀይማኖት አባቶቻችሁም ተነጋገሩ፣ ለታመመ ሰው ፈቃድ አለ። ጎረቤት ያመጣላችሁን ቅጠላ ቅጠልም ሳትነግሩን እንዳትጠጡ።

ትኩሳት ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። በኬሞው ምክንያት በሽታ የሚከላከለው ነጭ የደም ሴል ስለሚወርድ 38 ዲግሪ ከደረሰ እስኪነጋ አይጠበቅም፣ ፓራሲታሞል ውጦ መተኛትም የለም፣ በሌሊትም ቢሆን ቅርባችሁ ያለ ሆስፒታል ሂዱና መጀመሪያ "ኬሞ ላይ ነኝ" በሉ።

አሁን ጠይቁኝ፣ በአፋን ኦሮሞ የሚቀላችሁም በአፋን ኦሮሞ፣ ሰው ፊት የሚያሳፍር ከመሰላችሁ ደግሞ ስንጨርስ ለብቻ እናወራለን፣ እዚሁ ነኝ።