የቫይረስ እግር

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ስለ እግር ነው። ስለ ቫይረስ እግር።

ቲ4 የሚባል ቫይረስ አለ። ሰው አይነካም፤ የሚያጠቃው ኢ. ኮላይ የተባለውን የአንጀት ባክቴሪያ ነው። ሥዕሉን ሳታዩት አትቀሩም። ከላይ ጭንቅላት፣ ከሥሩ ጅራት፣ ከጅራቱ ጫፍ 6 ቀጫጭን እግሮች። ዲኤንኤው ያለው ጭንቅላቱ ውስጥ ስለሆነ ሁሉም የሚያወራው ስለሱ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን እግሩ ነው።

አንዱ እግር 145 ናኖሜትር ገደማ ይረዝማል። መሃሉ ላይ ይታጠፋል። ከመታጠፊያው በታች ያለውን አብዛኛውን ክፍል የሚሠራው ጂፒ37 የተባለ ፕሮቲን ነው። ሦስት ሰንሰለት ሆኖ እንደ ሹሩባ ይጎነጎናል። በ2010 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተመራማሪዎች የጫፉን ቅርጽ በዝርዝር አሳዩ። ቀጭን መርፌ ነው። ውስጡ 7 የብረት አዮኖች በአንድ መስመር ተደርድረዋል፤ ሂስቲዲን የተባለው አሚኖ አሲድ ይዟቸዋል። ብረት፣ እዚያች ቦታ! ማን ይገምታል?

ከመርፌው መጨረሻ ትንሽ ሰፋ ያለች ጫፍ አለች። የባክቴሪያውን ቆዳ የምትዳስሰው እሷ ናት ተብሎ ይታሰባል። የምትፈልገው ኦምፕ-ሲ የሚባል ፕሮቲን ወይም በስኳር የተሸፈነውን የውጭ ቅባት ነው። ደግሞ ስትይዝ አጥብቃ አይደለም። ይዛ መልቀቅ ትችላለች። በርከት ያሉ እግሮች አብረው ሲይዙ ነው ነገሩ የሚቆርጠው። ያኔ ከሥር ያሉት ሌሎች አጫጭር እግሮች ወርደው ይቆልፋሉ፣ የጅራቱ ሽፋን ይኮማተራል፣ ዲኤንኤው ይገባል። ከዚያ ወዲያ መመለስ የለም።

ታዲያ መያዝ ይህን ያህል ከጠቀመ፣ ብዙ እግር ያለው ሁሌ አያሸንፍም? እዚህ ጋ ላምዳ የሚባለው ሌላው ቫይረስ ይመጣል። በየላቦራቶሪው ለአሥርተ ዓመታት ሲጠና የኖረው ላምዳ የጎን እግር የለውም። በ1992 ሮጀር ሄንድሪክስና ሮበርት ዱዳ የጥንቱን ላምዳ ሲያዩት ግን ቀጫጭን እግሮች አሉት! የላቦራቶሪው ዘር እግሩን የሚሠራውን ዘረመል ያበላሸ ሚውቴሽን ተሸክሞ ኖሯል።

ባለ እግሩ ባክቴሪያውን ቶሎ ይይዛል። ቶሎ ስለሚይዝ ደግሞ ርቆ አይሄድም። ባክቴሪያ በሚያድግበት የላቦራቶሪ ሳህን ላይ፣ ባክቴሪያውን ጨርሶ የሚተወው ባዶ ቦታ ትንሽ ነው። እግር አልባው ግን ርቆ ይሰራጫል፤ ትልቅ፣ ጥርት ያለ ክብ ይተዋል። የጥንቶቹ ተመራማሪዎች ለዓይን የሚያምረውን እየመረጡ ሄደው ይመስላል፣ እግሩ የጠፋው።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ ተናደድኩ። ምን ዓይነት ግድየለሽነት ነው አልኩ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሁለቱ ሳህኖች ፊቴ ቢቀመጡ እኔም እጄን የምሰድደው ወደ ትልቁ ክብ ነው። አሁን መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችን የሚገድል ቫይረስ የሚፈልጉ ሰዎች አሉ። እነሱም ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ሳህን በማየት ነው። እኔ ብሆን ትንንሾቹንም ክቦች ለቅሜ አስቀምጥ ነበር።