ሳይን ስትሉ፣ የየትኛው ማዕዘን?

[ስክሪን፦ ጎነ ሦስት ሀሰረ። ረ ላይ የ90 ዲግሪ ምልክት። ሰረ = 8 ሳ.ሜ.፣ ሀሰ = 17 ሳ.ሜ.]

የማዕዘን ሀ ሳይን፣ ኮሳይን እና ታንጀንት ስንት ነው? ቀመር ለመጻፍ አትቸኩሉ። አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ከስሌቱ ሳይሆን ከጎኖቹ አሰያየም ነው።

የ90 ዲግሪው ምልክት ያለበትን ጥግ ፈልጉ። ከእሱ ፊት ለፊት ያለው ጎን፣ እዚህ ሀሰ፣ ሃይፖቴኑስ ነው። ሥዕሉ ቢዞርም ቢገለበጥም እሱ አይቀየርም።

[ስክሪን፦ ጣት ሀ ላይ ያርፋል]

አሁን ጣታችሁን ሀ ላይ አሳርፉ። ጣታችሁ የማይነካው ጎን ሰረ ነው፤ ተቃራኒ ጎን፣ ክፍል ውስጥ ኦፖዚት የምንለው። ከሚነካቸው ሁለት ጎኖች ሃይፖቴኑሱን ስታወጡ ሀረ ይቀራል፤ ተጎራባቹ፣ አድጃሰንቱ እሱ ነው።

የሀረ ርዝመት አልተሰጠም። በፓይታጎረስ እናውጣው፦ የሃይፖቴኑሱ ስኩዌር የሌሎቹ ሁለት ጎኖች ስኩዌር ድምር ነው። የ17 ስኩዌር 289፣ የ8 ደግሞ 64። እዚህ ጋ ብዙ ተማሪ በልማድ ይደምርና 353 ያገኛል፤ ስኩዌር ሩቱ 18.8 ገደማ ነው። ከሃይፖቴኑስ የሚረዝም ጎን ደግሞ ሊኖር አይችልም! ረጅሙ ጎን ከተሰጠ እንቀንሳለን፦ 225፣ ስኩዌር ሩቱ 15።

[ስክሪን፦ ሳይን ሀ = 8/17፣ ኮሳይን ሀ = 15/17፣ ታንጀንት ሀ = 8/15]

ሳይን፣ ተቃራኒ ሲካፈል ለሃይፖቴኑስ። ኮሳይን፣ ተጎራባች ሲካፈል ለሃይፖቴኑስ። ታንጀንት፣ ተቃራኒ ሲካፈል ለተጎራባች።

ጣታችሁን ወደ ሰ አዛውሩ። ጎኖቹ ንቅንቅ አላሉም፤ ስማቸው ግን ተለዋወጠ። አሁን ተቃራኒው 15፣ ተጎራባቹ 8 ነው። ሳይን ሰ 15/17 ሆነ፤ ይህ ቅድም የሀ ኮሳይን የነበረው ቁጥር ነው። ስለዚህ "ሳይን = 8/17" ብሎ ማዕዘኑን ሳይጠሩ መተው ያልተጨረሰ መልስ ነው።

ሳይን ወይም ኮሳይን ከ1 ከበለጠባችሁ፣ ሃይፖቴኑሱን ተሳስታችኋል። ታንጀንት ግን ሊበልጥ ይችላል፤ ታንጀንት ሰ 15/8፣ ማለትም 1.875 ነው።

[ስክሪን፦ ካልኩሌተር]

ማዕዘኑን በዲግሪ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ሳይን 30ን ሞክሩ። 0.5 መስጠት አለበት። −0.988 ካሳየ ራዲያን በሚባለው ሌላ የማዕዘን መለኪያ ላይ ነው፤ ወደ ዲግሪ መልሱት። ከዚያ ከታንጀንቱ ወደ ማዕዘኑ ለመመለስ ሺፍት፣ ታን፣ በቅንፍ ውስጥ 8 ሲካፈል ለ15። ማዕዘን ሀ 28.07 ዲግሪ ይሆናል። ቅንፉ ከተረሳ ካልኩሌተሩ ታንጀንቱ 8 የሆነውን ማዕዘን ወስዶ ለ15 ያካፍልና 5.5 ገደማ ይሰጣችኋል።