ከበገናው ሥር የነበረው ድምፅ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ አንድ ሳጥን ላወራችሁ ነው።

ነገሩ የጀመረው በሁዳዴ ነው። ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል በገና እሰማለሁ። ከላፕቶፑ በዩኤስቢ ወደ ዳክ፣ ከዳኩ ወደ አምፕሊፋየር፣ ከዚያ ወደ እስፒከር። ዳክ ለማታውቁት፣ ፋይሉ ውስጥ ያለውን ቁጥር ወደ ድምፅ የሚቀይረው ዕቃ ነው። በገና ደግሞ ድምፁ ራሱ ይነዝራል። በየአውታሩ ሥር ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች፤ አውታሩ ሲደረደር እሷን እየነካ ይንቀጠቀጣል። ያ ንዝረት ባይኖር በገናው በገና አይሆንም። ስለዚህ ከሥር እምም የሚል ነገር ሲሰማኝ አልጠረጠርኩም፤ የመሣሪያው መሰለኝ። አንድ ማታ ግን ደርዳሪው ጨርሶ፣ 10ሩም አውታር ዝም ብለው፣ እምምታው ቀጠለ። አልፎ አልፎም ጠቅ ይላል፣ ጥፍር በጥፍር እንደመምታት።

ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ። ለድምፅ ተብለው የሚሠሩ የዩኤስቢ ካርዶች፣ ማለትም ለኮምፒውተሩ ሌላ የዩኤስቢ መሰኪያ የሚጨምሩ ሰሌዳዎች፣ አሉ፤ የፖላንዱ ጄካት ይሠራል፣ የቻይናው ማትሪክስም ኤለመንት ኤች የሚባል አለው። የራሳቸው ጥሩ ክሎክ፣ ማለትም የዳታውን ምት የሚጠብቅ ሰዓት፣ የራሳቸው የኃይል ማጣሪያ አላቸው። ችግሩ፣ የሚሰኩት ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ውስጥ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ነው። ላፕቶፕ ያ ቦታ የለውም። ግን ተንደርቦልት 3 የሚባለው ፈጣን መሰኪያ ያለው ላፕቶፕ ያንን የካርድ መስመር በገመድ ወደ ውጭ ማውጣት ይችላል፤ ገመዱ በጠቅላላ በሰከንድ እስከ 40 ጊጋቢት ይሸከማል። በገመዱ ጫፍ ላይ ካርዱ የሚሰካበት ሳጥን ይቀመጣል፣ ከነራሱ ፓወር ሰፕላይና ፋን።

ያገለገለ ሳጥንና ካርድ ተገኘ። የአጎቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ሲመጣ ይዞልኝ መጣ። ልቤ እየመታ ነው የሰካሁት።

ጠቅታው ጠፋ። በዚያው ማታ፣ ጨርሶ ጠፋ። እምምታው ግን እንዳለ አለ። እንዲያውም አሁን የሳጥኑ ፋን ተጨመረበት።

ለምን አንዱ ድኖ ሌላው ቀረ? ይኼ ጥያቄ ብዙ ሌሊት አስቀምጦኛል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ቀስ ልበል።

ድምፅ በዩኤስቢ ሲሄድ ብዙ ቦታ አይፈልግም። የሲዲ ጥራት ያለው ሙዚቃ በሰከንድ 1.4 ሜጋቢት ገደማ ነው፤ ዩኤስቢ 2 ደግሞ 480 ይሸከማል። ጉዳዩ ፍጥነት ሳይሆን ሰዓት ማክበር ነው። ዳታው በየ125 ማይክሮ ሰከንዱ ተቆርሶ ይላካል፣ በሰከንድ 8000 ጊዜ። አንዱ ቁራሽ ቢበላሽ ወይም ቢዘገይ ደግሞ መልሶ የሚልክልን የለም። ፋይል ወደ ፍላሽ ስትገለብጡ ስህተት ካለ ይደገማል፤ ድምፅ ግን አይደገምም፣ ያመለጠው አመለጠ፣ ጠቅ ይላል። የእኔ ላፕቶፕ ካሜራውንም ብሉቱዙንም ማውሱንም በአንድ የዩኤስቢ መቆጣጠሪያ ነው የሚያስተናግደው። ካርዱ ሲመጣ ዳኩ ለብቻው መንገድ አገኘ። ጠቅታውን ያጠፋው ይህ ነው። ክሎኩ ነው የሚሉኝ አሉ፤ እኔ አልስማማም። አሁን ያሉት አብዛኞቹ ዳኮች በራሳቸው ክሎክ ነው የሚሄዱት፤ አምጣ፣ ቆይ እያሉ ኮምፒውተሩን የሚያዙት እነሱ ናቸው።

እምምታው ሌላ ታሪክ አለው። እህቴ አንድ ቀን የላፕቶፕ ቻርጀሬን ወስዳ ሄደች። ማታ በባትሪ ከፈትኩ። ሳጥኑንም ያን ቀን አላበራሁትም፤ ዳኩን በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰካሁት። ዝም! አምፕሊፋየሩ በርቷል፣ ዳኩ በርቷል፣ እምምታ የለም። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

ቻርጀሩ ግራውንድ፣ ማለትም ወደ መሬት የሚወስድ የደኅንነት መስመር፣ አለው፣ አምፕሊፋየሩም ግራውንድ አለው። ሁለቱ በግድግዳው በኩል ይገናኛሉ፣ በዩኤስቢ ገመዱ በኩል ደግሞ እንደገና ይገናኛሉ። ቀለበት ሆነ ማለት ነው። የመብራቱ 50 ኸርዝ በዚያ ቀለበት ይዞራል፣ እስፒከሩ ላይም እምም ይላል። ሳጥኑ ይህንን አይቆርጠውም፤ የተንደርቦልቱ ገመድ መዳብ ነው፣ ግራውንዱን ይዞ ያልፋል። ሳጥኑ ራሱም ከግድግዳ ይሰካል። ካርዱን ለብቻው በጥሩ ፓወር ሰፕላይ ብትመግቡትም ግራውንዱ ያው አንድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ። የቻርጀራቸውን ወይም የአምፕሊፋየራቸውን ግራውንድ ቆርጠው እምምታን የሚያጠፉ ሰዎች አሉ። እባካችሁ እንዳታደርጉት። ያ መስመር ሰው እንዳይሞት የተቀመጠ ነው።

እኔ ያደረግሁት በካርዱና በዳኩ መካከል የዩኤስቢ አይሶሌተር ማስገባት ነው፣ 480 ሜጋቢቱን የሚያሳልፈውን ዓይነት። ዳታው ያልፋል፣ በሁለቱ ወገን መካከል ግን የመዳብ ግንኙነት የለም። የቆዩት ርካሾቹ 12 ሜጋቢት ብቻ ነው የሚያሳልፉት፤ በጣም ከፍ ያለ ጥራት ላለው ፋይል አይበቁም። የእኔ ዳክ ከግድግዳ ኃይል ስለሚያገኝ አልተቸገርኩም፤ ከዩኤስቢ የሚመገብ ከሆነ አይሶሌተሩ የሚሰጠው ኃይል እንደሚበቃው አስቀድማችሁ እዩ።

ሳጥኑ አሁንም አለ። ከጠረጴዛው ሥር አውርጄዋለሁ፣ ፋኑ ከዚያ አይሰማም። ዴስክቶፕ ቢኖረኝ ካርዱን ብቻ እገዛ ነበር። ላፕቶፕ ያለው ወዳጄ ሲጠይቀኝ ደግሞ መጀመሪያ ቻርጀሩን ነቅለህ አድምጥ እለዋለሁ፣ ከዚያ ጠቅታ ነው ወይስ እምምታ ንገረኝ።

ትናንት ማታ ያንኑ ቅጂ እንደገና ከፈትኩት። ደርዳሪው ጨረሰ። የመጨረሻው አውታር ቆዳዋ ላይ እየተንቀጠቀጠ፣ እየሳሳ ሄደ። ከዚያ፣ ለዓመታት ያልሰማሁት፣ ሰውየው ቀስ ብሎ ተነፈሰ።